ፍሬኑ ግሎ ነበር

ስለ አጎት ጄቤዝ ትረምባት መጻፍ የነበረበት ሌላ ሰው ነው። ማንበብ የተማርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ መጻፍ ደግሞ እስከ ዛሬ እጄን ያልበኛል። ግን ባለፈው ወር አራት ቁጥር የመዳብ ጉድጓድ አጠገብ የሚተከለውን የመታሰቢያ ሰሌዳ ቃል በአዳራሹ ሲያነቡልን፣ የዘጠኙ ሟቾች ስም ተጠርቶ ሲያበቃ፣ “በሞተረኛው ቸልተኝነት” የሚል ነገር ሰማሁ። ሞተረኛው፣ ሰውን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደውንና የሚያወጣውን ሞተር የሚያንቀሳቅሱት፣ አጎት ጄቤዝ ነበሩ። በዚያን ጠዋት ከእሳቸው ጋር ሞተር ቤት ውስጥ ዘይት ቀቢ ሆኜ የነበርኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ሞተዋል። ስለዚህ እኔው መጻፍ አለብኝ።

አጎት ስላልኳቸው ዘመዴ አይደሉም። እሳቸው ባሕር ተሻግረው የመጡ የኮርንዋል ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ከፊንላንድ የመጣሁ ፊን ነኝ። የኮርንዋል ሰዎች ዕድሜ የገፋውን ሁሉ አጎት፣ አክስት ይሉታል፤ እኛም ፊኖቹ ከነሱ ለምደን እንደዚያው እንል ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው ወደዚህ ሐይቅ ዳር የመጡት። ሰባት ዓመት መሬት ውስጥ መዳብ ቆፈሩ። አንድ ቀን ድንጋይ ወርዶ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ወሰደው። መሰርሰሪያ መያዝ ያቃተው ሰው ሁለት ዕጣ ነው ያለው፤ ወይ ከከተማው ይሄዳል ወይ ከመሬት በላይ ሥራ ይለምናል። እሳቸው ለመኑ፤ ሞተር ቤት ዘይት ቀቢ ሆነው ገቡ። ከዘይት ቀቢነት ሞተረኛ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፍሬኑን ዘንግ ያዙ።

አጭር ሰው ናቸው፤ ደረታቸው ግን በር ይሞላል። የቀኝ ትከሻቸው ከግራው ከፍ ያለ ነበር፤ ዘንጉ ነው እንደዚያ ያደረገው። በጸሎት ቤት ሲዘምሩ ድምፃቸው የወንበሩን እንጨት ያነዝረው ነበር። ባለቤታቸው አክስት ላቭዴይ በየቀኑ ሥጋና ድንች የተጠቀለለበት ቂጣ ይልኩላቸዋል፤ እሳቸው በእንፋሎት የሚግለው የሞተሩ ሲሊንደር ላይ ያስቀምጡታል፣ በምሳ ሰዓት ትኩስ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እኔንም ያካፍሉኝ ነበር። “ብላ እንጂ ቴቪ፣ ዝም ብለህ ቂጣዬን አትጥበስብኝ” ይሉኛል። ስሜ ታቬቲ ነው። ታቬቲ ማለት ምላሳቸውን ያሰናክለው ነበር።

ሞተር ቤት ውስጥ አንድ ሕግ ነበር። መርፌው ሲንቀሳቀስ ሞተረኛውን ማንም አያናግርም። መርፌው ማለት ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ሰዓት የሚመስል ነገር ነው፤ በገመድ የሚወርደውና የሚወጣው ጋሪ በጉድጓዱ ውስጥ የት እንደደረሰ ያሳያል። እንኳን እኔ የማዕድኑ አለቃ ካፒቴኑም አይናገርም። ለኔ ይሄ ደስ ይለኝ ነበር። ከሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል፤ እዚያ ግን ዝም ማለት ሥራው ራሱ ነው።

የምናወራው ጋሪው ሲቆም ብቻ ነው። ያኔ መጠየቅ ይወዳሉ።

“ቴቪ፣ ጋሪው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ምን እየሠራ ነው?”

“ምንም አይሠራም፣ አጎት። ቆሟል።”

“አይ የኔ ልጅ! ቆሞ ነው የሚጠብቅህ። ዛሬ ጠዋት ያነደድነው ከሰል የት ገባ?”

“ጢስ ሆኖ ወጣ።”

“ጢሱ ትርፍራፊው ነው። ሙቀቱስ? ሙቀቱ ውሃውን እንፋሎት አደረገው። እንፋሎቱ ፒስተኑን ገፋ፣ ፒስተኑ ከበሮውን አዞረ፣ ከበሮው ገመዱን ጠቀለለ፣ ገመዱ ጋሪውን ከአንድ ማይል ጥልቀት ጎትቶ አመጣው። እና የከሰሉ ጉልበት አሁን የት ነው?”

አላውቅም አልኩ።

“እዚያ ነዋ! ጋሪው ላይ ተቀምጧል። ከፍ ብሎ የቆመ ነገር ሁሉ ጉልበት ተሸክሟል፣ ሲለቁት ይመልሰዋል። ሲወርድ ሩጫ ይሆናል። ሩጫውን በፍሬን ስትይዘው ደግሞ ሙቀት ይሆናል። ከሙቀት ተነሥቶ በሙቀት ያርፋል። አንዲት ፍሬ አትጠፋም። አንተ ‘የት ሄደ?’ ብለህ ብቻ ጠይቅ፤ የሆነ ቦታ ታገኘዋለህ።”

ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም። ይህንን ያወቁት በክንዳቸው ነው። እኔም በኋላ መጽሐፍ ማንበብ ስችል አይቼዋለሁ፤ መጽሐፉም ያለው እሳቸው ያሉትን ነው።

የፍሬኑን ነገር ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነውና። ከበሮ የምንለው ገመዱ የሚጠቀለልበት፣ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ የሆነ ብረት ነው። በጠርዙ ዙሪያ ጫማ የምንላቸው የእንጨት መያዣዎች አሉ። ዘንጉን ሲጎትቱት እንጨቱ ብረቱን ይነክሰዋል። ሁለት ጋሪዎች ነበሩን፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የሚወርደው ጋሪ ጉልበቱን ለሚወጣው ይሰጣል፤ ፍሬኑ ላይ የሚደርሰው ትርፉ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ አጎት ጄቤዝ ሰው ባወረዱ ቁጥር የእጃቸውን ጀርባ ብረቱ ላይ አድርገው ይቆጥራሉ። እኔንም አስተማሩኝ። አምስት እስክትቆጥር ከቻልክ ደህና ነው። ሦስት ላይ እጅህን ካነሣህ ጠብቅ። ሁለት ካልሞላህ ግን ነፍስ ያለው ነገር አታውርድ።

ቀኑ የካቲት ውስጥ ማክሰኞ ነበር። ከሐይቁ የሚነሣው ንፋስ በረዶውን በጎን ይወረውረው ነበር። ከሁለቱ ጋሪዎች የምሥራቁ፣ ጎማ የሚያያይዘው አክስሉ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሰማንያ አንድ ሰው መውረድ አለበት፤ በአንድ ጋሪ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ሰባት እየሆነ ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ካፒቴን ሮስካሮው መጡና የምሥራቁን ፈትታችሁ በምዕራቡ ብቻ አውርዱ አሉ። በአንድ ጋሪ ማለት የሚያግዝ የለም ማለት ነው። የጋሪውም የሰዉም ክብደት፣ ያ ሁሉ ሩጫ፣ እንጨቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወርዳል።

የመጀመሪያዎቹን አወረዱ። እጄን አስቀምጬ ቆጠርኩ፤ አራት።

ሁለተኛዎቹን አወረዱ። እሳቸው ራሳቸው ነኩት። “አንድ” አሉና እጃቸውን አነሡ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወጡ።

ሦስተኛዎቹ ጋሪው ላይ ተቀምጠዋል። የሰው ጋሪ እንደ ደረጃ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡበታል፣ ክዳን የለውም። በረዶው ትከሻቸው ላይ ተከምሯል። ታች ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ፊተኛ የደረሰ ጥሩ ጥሩውን የድንጋይ ጋሪ ይይዛል፤ ኋለኛ የደረሰ ጎማው የተጣመመውን ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ይውላል። ስለዚህ መቸኮላቸው እውነት ነበረው።

“ካፒቴን፣ ግማሽ ሰዓት ስጡኝ። ፍሬኑ ግሏል” አሉ አጎት ጄቤዝ።

“ግማሽ ሰዓት! ሰዎቹ እኮ እዚህ ሊደርቁ ነው።”

“ወደ ማድረቂያ ቤት፣ ወደ ምድጃው ይግቡ።”

ከጋሪው ላይ ጩኸት ተነሣ። “ተቀምጠን ተነሡ ሊሉን ነው!” “ሻይ ሊጠጡ ነው!” ከሁሉም የጎላው ግን የቪልያሚ ድምፅ ነበር። ቪልያሚ የባለቤቴ የሂልያ ወንድም ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰው የሚያስቅ ሰው ነበር።

“አጎት ጄቤዝ! ክንድዎ ደክሞ ከሆነ አክስት ላቭዴይን እንጥራልዎ! ሊጥ ሲያቦኩ አይተናል፤ እሳቸው ያወርዱናል!”

ሃያ ስድስቱም ሳቁ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ፈገግ ብያለሁ። ያንንም መጻፍ አለብኝ።

ካፒቴኑ አልሳቁም። እስከዚያ ቀን አጎት ጄቤዝን አንቱ ሲሉ ነው የማውቀው። “ስማ” አሉ፤ “ፈርተህ ከሆነ ንገረኝ፣ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ። አልፈራህም ከሆነ ግባና ዘንግህን ያዝ።”

አጎት ጄቤዝ ጋሪው ላይ ያሉትን አዩ። ሞተረኛ እምቢ ማለት ይችላል፤ ሕጉ ለእሱ ነው። እምቢ ቢሉ ማንም በጉልበት አያሠራቸውም። ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያ ሁሉ ሳቅ እያለ፣ በአንተታ ተጠርተው፣ ገቡ። በሩን ዘጉ።

“ዘይቱን እይልኝ፣ ቴቪ” አሉ።

አየሁት። ከከበሮው አጠገብ ያለችው የዘይት ኩባያ ሞልታ እየፈሰሰች ነበር። እኛ ዘይት ቀቢዎች በብርድ ቀን ዘይቱ ስለሚወፍር ኩባያዋን ከምልክቱ አሳልፈን እንሞላለን፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ግን ብረቱ ሲግል ዘይቱ እንደ ውሃ ቀጠነ፤ አንድ ቀጭን መስመር ሠርቶ ወደ ፍሬኑ ጠርዝ ይወርድ ነበር። ዘይት የነካውን ብረት ደግሞ እንጨቱ በደንብ አይነክሰውም። ለመጥረግ መሰላል መውጣት አለብኝ። ደወሉ ደግሞ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ ሦስት ማለት ሰው ነው፣ አውርድ ማለት ነው።

“ደህና ነው፣ አጎት” አልኩ።

መርፌው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በኋላ መናገር አይፈቀድም።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የሚቃጠል እንጨት ሽታ። መርፌው ግማሽ ላይ ሳይደርስ ጢስ ከጫማዎቹ ሥር ወጣ። አጎት ጄቤዝ ዘንጉን ጎተቱ፤ ደግመው ጎተቱ። ከዚያ ክብደታቸውን በሙሉ ጣሉበት፣ እግራቸው ከወለሉ ተነሣ፤ እንደ ተሰቀለ ሰው ዘንጉ ላይ ተንጠለጠሉ። መርፌው አልዘገየም። በሦስቱ ጣቶቻቸው እንፋሎቱን ወደ ኋላ ገለበጡት፤ ሞተሩ አቃሰተ፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። መርፌው ሮጠ። መጨረሻው ላይ ያለውን ሚስማር መትቶ ቆመ። ገመዱ አንዴ ዘለለና ላላ።

ከዚያ እንፋሎቱ ብቻ ይጮኻል።

ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ ሄጄ እጄን ብረቱ ላይ አደረግኩ። ጀርባውን ሳይሆን መዳፌን ነው ያስቀመጥኩት። ቆዳዬ እዚያው ቀረ። በሌላው እጄ ጨርቅ አነሣሁና መሰላሉን ወጥቼ ዘይቱ የወረደበትን መስመር ጠረግኩት። ኩባያዋንም ጠረግኩ። ዞር ስል አጎት ጄቤዝ ዘንጉን እንደያዙ እያዩኝ ነው።

“ስንት ቆጠርክ፣ ቴቪ?” አሉኝ።

“አንድም” አልኩ።

ዘጠኝ ሰው ሞተ። ቪልያሚ ከፊት ረድፍ ነበር። የቀሩት አሥራ ስምንቱ እግራቸው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ ወጡ።

ምርመራው በሦስተኛው ቀን በከተማው አዳራሽ ሆነ። ከዚያ በፊት ማዕድኑ እንዲከፈት ካፒቴኑ አዲስ የፍሬን እንጨት አስገቡ። አሮጌው እንጨት ሁለት ጣት ያህል ጥልቀት ከሰል ሆኖ ነበር፤ እኔ ነኝ የፈታሁት። የት ላድርገው ስላቸው “ቦይለሩ እሳት ውስጥ ጣለው” አሉኝ። ጣልኩት። ነደደ። መርማሪዎቹ ሲመጡ ብረቱ በረዶ ነው፣ እንጨቱ አዲስ ነው፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው። አንደኛው ጓንቱን አውልቆ ከበሮውን ነካና “ጥሩ ይዞታ ላይ ነው” ብሎ ጻፈ።

የኩባንያው ጠበቃ ትሑት ሰው ነበር፤ እንደዚያ ዓይነቱን ሰው እፈራለሁ።

“ሚስተር ትረምባት፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?”

“ሃምሳ ስምንት።”

“በዚያ ጠዋት ስንት ሰዓት ተነሡ?”

“እንደ ሁልጊዜው፣ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተኩል። ገና አልነጋም።”

“ሞተር ቤቱ ይሞቃል አይደል? ደስ የሚል ሙቀት ነው። ዓይንዎን ከደን አላደረጉም?”

“አላደረግኩም። ፍሬኑን ስቤያለሁ።”

“ከሳቡት ጋሪው ለምን አልቆመም?”

“ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በአንድ ጋሪ አውርጃለሁ። እንጨቱ ግሎ ከሰል ሆኗል፤ ከሰል ብረት አይነክስም። ፍሬን ሩጫን ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው፣ ጌታዬ። ሙቀቱ የሚገባበት ሲያጣ ሩጫው ሩጫ ሆኖ ይቀራል።”

“እና ያ ሙቀት አሁን የት አለ?”

“ወጥቷል። አየሩ ውስጥ ነው።”

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ጠበቃው ፈገግ አለ። “አየሩን ለምስክርነት መጥራት አንችልም” አለ።

ካፒቴኑ ተጠየቁ። ግማሽ ሰዓት ስጡኝ ያለኝ ሰው የለም አሉ። ከጋሪው ከተረፉት ውስጥ መቀመጥ የቻሉ አራት ሰዎች መጥተው ነበር፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ያኔ ስቀው ነበርና።

ከዚያ ስሜ ተጠራ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ቀኝ እጄ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነበር።

“ሞተረኛው ፍሬኑን ሲስብ አይተሃል?”

ማለት የነበረብኝን አውቀው ነበር። ሲስቡ አይቻለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሲለምኑ ሰምቻለሁ፣ ብረቱ ግሎ ነበር፣ ይኸው እጄ። ያ ሁሉ ሙቀት ወደ አየሩ አልሄደም፤ ጥቂቱ እኔ ላይ ቀርቷል። ዝም ብዬ እጄን ባወጣው ይበቃ ነበር። ግን እጄን ካወጣሁ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ለምን ነካኸው ነው፤ ከዚያ ለምን ጠረግከው ነው፤ ከዚያ ዘይቱ የማን ነው። ሂልያ ከኋላ፣ ከእናቷ ጋር፣ በጥቁር ሻርፕ ተቀምጣለች።

“ከሲሊንደሩ ጀርባ ነበርኩ። አላየሁም” አልኩ።

“እጅህ ምን ሆነ?”

“ቧንቧ ነው፣ ጌታዬ።”

አጎት ጄቤዝ አዩኝ። ጠርገሃል አላሉም። ነክተሃል አላሉም። ዳኞቹ ተነሥተው ሄዱ፤ ሲመለሱ በሞተረኛው ቸልተኝነት አሉ።

አጎት ጄቤዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከኩባንያው ቤት ወጡ። ከከተማው ዳር ከአንድ ፈረስ ጋጣ ጀርባ ክፍል አገኙ። ሐይቁ በረዶ ሲሆን በረዶውን በመጋዝ ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ለሰው እንጨት ይፈልጣሉ፣ በዚያች በሦስት ጣት እጅ። በጸሎት ቤት እሳቸው የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው መቀመጥ ተወ፤ አክስት ላቭዴይና እሳቸው ብቻ ሆኑ። ከዚያ መሄዱንም ተዉት። በመንገድ ሲያልፉ ልጆች ተደብቀው ያንኮራፉባቸው ነበር። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ መንገዱ ሁሉ ማንኮራፋት ይሆናል። እሳቸው ዞር ብለው አያዩም፤ ቀኝ ትከሻቸውን ከፍ እንዳደረጉ ያልፋሉ።

ዘንጉን ለኔ ሰጡኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያዝኩት፣ ማዕድኑ እስኪዘጋ። በየጊዜው እጄን አስቀምጬ ቆጥሬያለሁ። ሁለቴ ሦስት ላይ እጄን አነሣሁና አላወርድም አልኩ። አንድም ሰው አልተከራከረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም በሞተረኛ አላሾፈም።

ወደ አጎት ጄቤዝ የሄድኩት በሁለተኛው ክረምት ነው። ጓሮ እንጨት ይፈልጡ ነበር። ትንፋሻቸው ያፏጫል።

“ቴቪ ነህ? ቁጭ በል ጉቶው ላይ።”

አልተቀመጥኩም። ቆሜ ተናገርኩ፤ ስለ ኩባያዋ፣ “ደህና ነው” ስላልኩት፣ ስለ ጨርቁ። የተናገርኩት ብዙ አልነበረም፤ ሦስት አራት ቃል ነው። እሳቸው መጥረቢያውን አስደግፈው ሰሙኝ።

“አንተ ዘይትህ ገደላቸው ብለህ ነው የምታስበው?”

“አላውቅም፣ አጎት።”

“እኔም አላውቅም። እንጨቱ ያለ ዘይትም ሞቶ ነበር። ምናልባት ዘይትህ አንድ ነገር ጨምሮ ይሆናል። ምናልባት ምንም። ይሄን የሚያውቅ የለም።”

“ለምን አልተናገሩብኝም?”

“አንተ እንድትናገር ነበር የጠበቅሁት።” ግንዱን ገለበጡት። “ግን ስማኝ፤ ባንተ ላይ ብቻ አትከምረው። ሁለተኛዎቹን አውርጄ ብረቱን ስነካው አንድ ነው የቆጠርኩት። አንድ ቆጥሬ ሃያ ሰባት ሰው አወረድኩ። ለምን? ስቀውብኝ። ተኝቼ አልነበረም፣ ቴቪ። ነቅቼ ነው ያወረድኳቸው። ማታ ማታ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እነሱ ግን የፈረዱብኝ በእንቅልፍ ነው፤ ባላደረግኩት ነው። ባደረግኩት ቢፈርዱብኝ ራሴን ደፍቼ እቀበል ነበር።”

“አሁን ሄጄ ልናገር?”

“ለማን? አንተም ልጆች አሉህ።” መጥረቢያውን አነሡ። “ሂድ አሁን። ብርዱ ይዞሃል።”

ሄድኩ። አልተናገርኩም።

በመጋቢት ሞቱ፤ ሳንባቸው ነው። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ስለነበር ሣጥኑ እስከ ግንቦት በመቃብሩ ቤት ቆየ። በግንቦት ስንቀብራቸው ስድስት ሰው ነበርን፣ ቄሱን ጨምሮ። ከዚያ ስንመለስ ለአክስት ላቭዴይ ነገርኳቸው፤ ብረቱ ግሎ ነበር፣ ስበዋል፣ አይቻለሁ አልኳቸው።

“ይሄንን ለኔ ነው የምትነግረኝ?” አሉኝ። አላለቀሱም። “ያን ቀን ሸሚዙን ሳወልቅለት ትከሻው እስከ ጎኑ ድረስ ጠቁሮ ነበር። አንድ ወር ሙሉ በሞቀ ጨርቅ ያሸሁት እኔ ነኝ። የተኛ ሰው እንደዚያ አይሆንም። እኔ ካንተ መስማት አያስፈልገኝም ነበር፣ ታቬቲ። የሚያስፈልጋቸው ሌሎቹ ናቸው።”

በሙሉ ስሜ የጠሩኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ወደ እህታቸው ዘንድ ሄዱ፤ እዚያ እንደሞቱ ሰማሁ።

አደጋው ከደረሰ ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ከአዳራሹ እንደወጣን ለሂልያ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ፣ “የወንድሜን ቀልድ ልትጽፈው ነው? በራሱ አፍ ሞቱን ጠራ ልትል ነው?” አለችኝ። እንደዚያ አይደለም አልኳት። ሁሉም ስቀዋል፣ እኔም ስቄያለሁ፤ ካፒቴኑ አውርድ ማለት አልነበረባቸውም፣ አጎት ጄቤዝ መግባት አልነበረባቸውም፣ እኔም ደህና ነው ማለት አልነበረብኝም አልኳት። ሻንጣዋን ይዛ ወደ ልጃችን ቤት ሄደች። እስካሁን እዚያ ናት።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ኮሚቴ ሄድኩ። መዝገቡን የያዘችው ሴት ደግ ናት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያ ሰሌዳው በብረት ተቀርጾ እንዳለቀ፣ ፍርዱም በዚያን ጊዜ በሕግ የተሰጠ እንደሆነ ነገረችኝ። ከፈለግኩ በወረቀት ጽፌ እንድሰጣት፣ ከመዝገቡ ጋር እንደምታስቀምጠው አለችኝ። ይህ ያ ወረቀት ነው። ግን መዝገብ ቤት ማን ገብቶ ያነባል? ስለዚህ ለሟቾቹ ቤተሰቦችም እየገለበጥኩ ነው። ከዘጠኙ ሁለቱ እዚህ ማንም የላቸውም። ለሰባቱ ነው የምጽፈው። እጄ ስለሚዘገይ አንዱን ለመጨረስ አራት ቀን ይፈጅብኛል።

የመጀመሪያውን ቅጂ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለቪልያሚ ልጅ ወሰድኩለት። አባቱ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬ አባቱ ከሞተበት ዕድሜ አልፏል። በሩ ላይ ቆሞ አነበበው። ቶሎ ነው የሚያነብ፣ ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። እኔ ኮፍያዬን ይዤ ቆምኩ።

“አንተ ነህ የጠረግኸው?” አለኝ። እስከ ትናንት ጋሼ ነበር የሚለኝ።

“አዎ።”

“ይሄን ሁሉ ዓመት በፋሲካ በእናቴ ገበታ ተቀምጠህ በልተሃል።”

“አዎ።”

ሌላ ነገር የሚጠይቀኝ መሰለኝ። ወረቀቱን አጠፈው። ይመልስልኛል ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አላየውም፣ ወይም አይቶ ተወው። በሩን ዘጋው። ወረቀቱን ይዞት ገባ።

ሁለተኛውን ዛሬ ጀምሬያለሁ።